ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፦ የጌርላን «ለር ብሉ» በደሴ ብርድ

ጌርላን በ1828 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የተቋቋመ የሽቶ ቤት ነው። «ለር ብሉ»ን ዣክ ጌርላን በ1912 ቀመመው። ስሙ «ሰማያዊው ሰዓት» ማለት ነው፤ ፀሐይ ገብታ ኮከብ ሳይወጣ ያለችው ጊዜ፣ እኛ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የምንላት።

የመጀመሪያው አስር ደቂቃ ብዙ ሰው ያሸሻል። እንስላል የሚመስል ሽታ ቤርጋሞት ከሚባለው የሎሚ ዘመድ ፍሬ ጋር ሽው ስለሚል «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ይባላል። ይታገሡት። ቀጥሎ የሚመጣው የካርኔሽን አበባ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ አይገርምም፣ ሁለቱም ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር አለ። ከዚያ ቫዮሌት፣ የብርቱካን አበባና ዱቄት ዱቄት የሚለው የአይሪስ ሥር። ልብስ ላይ የሚያድረው ቫኒላውና ቶንካ የሚባለው ጣፋጭ ሽታ ያለው ፍሬ ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ አንዴ አሽትቶ መግዛት ኪሳራ ነው። የእጅ አንጓ ላይ ረጭተው፣ ሳይፈትጉት፣ ፒያሳን ግማሽ ሰዓት ዞር ዞር ብለው ይመለሱ። እጣን ከጨሰበት ቡና ተነሥቶ ሽቶ መምረጥም ከንቱ ነው፤ አፍንጫ ጠግቧል።

ለደሴ ብርድ አንገትና ደረት ላይ ሦስት ርጭት አይበዛም፤ ሽታው በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው። ሐረጎን ቁልቁል ወርደው ሞቃቷ ኮምቦልቻ ሲገቡ ግን በዚያው ሦስት ርጭት ቫኒላው ይከብዳል፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገብ ያለው ሰው መስኮት ይከፍታል። አንድ ይበቃል፣ ያውም ከልብስ ስር። ፀጉር አደስ ያለው ቅቤ በተቀባ ቀን ጨርሶ ይተውት። ነጠላ ላይም አይርጩ፤ ፈሳሹ ቢጫ ነው፣ ነጩ ላይ እድፍ ይተዋል።

ሽቶው በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል፦ ኦ ደ ቷሌት የሚባለው ቀለል ይላል፣ እንስላሉም ይጎላል፤ ኦ ደ ፓርፋም የሚባለው ወፍራምና ጣፋጭ ነው። ለኛ አየር የመጀመሪያው ይሻላል። አልኮል የሌለበት የዘይት ሽቶ (አጥር) ለሚፈልግ ሁለቱም አይሆኑም።

የታወቀው ጠርሙስ ክዳኑ የተገለበጠ ልብ ነው፤ በ1919 የወጣው «ሚትሱኮ»ም ያንኑ ይጋራዋል፣ ስለዚህ ጽሑፉን ያንብቡ። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ጠርሙሱ ስር ካለው ካልገጠመ አይግዙ። ከገዙም በኋላ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት፤ መስኮት ዳር ፀሐይ ካገኘው ቤርጋሞቱ ቀድሞ ይበላሻል።