«ዘይት ላስነካልዎት» ብሎ የወሰደውን ሰንጢ ለውጦ ሰጠኝ፦ አዳማ ውስጥ የቆዩ ዕቃዎችን ለምትገዙ ሁሉ

አዳማ ውስጥ የቆዩ ዕቃዎችን፣ በተለይም የቆዩ ሰንጢዎችን የምትሰበስቡ ሰዎች ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ እለምናችኋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከፖስታ ቤት ብዙም በማይርቅ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ 9,000 ብር ከፍዬ የገዛሁት ሰንጢ ከእጄ ተወስዶ በሌላ ተለውጦብኛል። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

የሱቁን ዓይነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መደርደሪያው ላይ መሥራት ያቆሙ ሬዲዮኖችና የግድግዳ ሰዓቶች፣ ከመስተዋቱ ሥር የንጉሡ ዘመን ሳንቲሞች፣ ከበሩ በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አለ። ፎቶው በቴሌግራም ይለጠፋል፣ «ሌላ ሰውም ጠይቆታል» ይባላል፣ ቀብድ በቴሌብር ይላካል፣ ከዚያም የዕቃው ታሪክ ይተረካል። የእኔው ሰንጢ «የባቡር ሠራተኛ ከነበሩ ሽማግሌ ቤት የወጣ ነው» ተብሎ ነበር። በከተማችን ያልፍ የነበረውን የድሮውን የጅቡቲ ባቡር መስመር የዘረጉት ፈረንሳዮች ስለሆኑ፣ የፈረንሳይ ሰንጢ ከአንድ የቀድሞ ሠራተኛ ሳጥን ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም።

ሰንጢው ኦፒኔል ነበር። ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ፤ ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 ሳቮይ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር የሠራው፣ አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ የማጠፊያ ችንካርና እንጨቱን እንዳይሰነጠቅ የሚያቅፍ የብረት አንገት ብቻ ያለው የገበሬ ሰንጢ ነው። ስለቱ ሲዘረጋ እንዳይታጠፍ የሚቆልፈው ተሽከርካሪ ቀለበት የተጨመረበት በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ነው። የሰንጢው መጠን በቁጥር ይለያል፤ ትንንሾቹ ቁጥሮች ዛሬም መቆለፊያ የላቸውም፤ ስለቱ 8.5 ሳንቲሜትር በሚሆነው በስምንት ቁጥር ላይ ቀለበቱ ከመጀመሪያው ያልነበረ ከሆነ ግን ሰንጢው ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ሰብሳቢ የሚፈልገውም ይህንን ነው።

ሱቁ ውስጥ በእጄ ይዤ ያየሁት እውነተኛው ነበር፤ ይህን ያለ አንዳች ጥርጥር እናገራለሁ። ስለቱ የድሮው ካርቦን ብረት በአገልግሎት ብዛት የሚይዘውን ግራጫ ቀለም ይዟል፣ ከመሳል ብዛት ወደ ጫፉ ቀጥኗል፣ የኦፒኔል መለያ የሆነችው ዘውድ የተደፋባት እጅም ደብዝዛ ትታያለች። የብረት አንገቱ አንድ ነጠላ ነው፣ የቀለበት መሄጃም የለውም። እጀታው የአውራ ጣት ማረፊያው ድረስ ለስልሷል። እንዲህ ያለ ልስላሴ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አይመጣም፤ የሰው እጅ ለብዙ ዓመት ሲይዘው ብቻ የሚመጣ ነው። ዋጋው ላይ ብዙም ሳልከራከር የተስማማሁት ለዚህ ነው።

ቀሪውን ገንዘብ ላክሁ። መልእክቱ ስልኩ ላይ እንደ ደረሰ ሻጩ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ማጠፊያው ትንሽ ደርቋል፤ ዘይት ላስነካልዎት» አለና እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። እርሱ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ገባ፤ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። ረዳቱ በዚያው ቅጽበት ከመስተዋቱ ሥር አንድ የኪስ ሰዓት አውጥቶ «ይቺን ደግሞ ይዩልኝ፣ እርስዎ ያውቁበታል» እያለ ፊቴ ላይ ያቀርብልኝ ጀመር። ሻጩ ሲመለስ ሰንጢው በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ነበር፤ የጋዜጣው አንድ ጫፍ በዘይት ርሷል። «ልብስዎን እንዳያበላሽብዎት እቤት ሲደርሱ ይፍቱት» አለኝ። ሲያቀብለኝ ታላቁን እንደሚያከብር ሰው ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ፣ አንገቱንም ዝቅ አድርጎ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ያን አክብሮት ያስተማሩት አባትና እናቱ ለስርቆት መሸፈኛ እንዲያደርገው አልነበረም።

እቤት ፈትቼ ያገኘሁት አዲስ ሰንጢ ነው። መቆለፊያ ቀለበቱ በፒንሳ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የፒንሳው ጥርስ የጫረው መስመር በውስጠኛው የብረት አንገት ላይ እያብለጨለጨ ይታያል። በአልኮል የራሰ ጥጥ እጀታው ላይ ሳሳልፍበት ቡናማው ቀለም ጥጡ ላይ ቀረ፣ ከሥሩም ነጣ ያለው አዲስ እንጨት ብቅ አለ። ስለቱ በአሲድ እንዲጠቁር ተደርጓል፤ ሆኖም ከዘውዱ በታች ተሞርዶ ያላለቀ ጽሑፍ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት «ኢኖክስ» ይላል። የማይዝግ ብረት ነው ማለት ነው። የካርቦን ብረት የሎሚ ጭማቂ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል፤ ይህኛውን ጥቁረቱን ፈግፍጌ ሎሚ ብቀባው እንደ ማንኪያ አንጸባረቀ።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ተመለስሁ። ሻጩ «መንገድ ወጥቷል» ተባለ። ትናንት በ«ጋሼ» እና በ«እርስዎ» ሲያጫውተኝ የነበረው ረዳት ከወንበሩ ሳይነሳ «የሰጠንህ እሱን ነው፤ የት ለውጠህ እንዳመጣኸው እኛ ምን እናውቃለን?» አለኝ። የቴሌግራሙን ፎቶ ላሳየው ስልኬን ስከፍት ከቻናሉ ላይ ተሰርዞ ነበር። ቀብድ በላክሁ ዕለት ያስቀረሁትን ቅጂ አውጥቼ ሳሳየው «ፎቶውማ የማንም ሊሆን ይችላል» አለ፤ ቀጥሎም አጠገቡ ለተቀመጡት ጓደኞቹ «ሽንኩርት ለመክተፍ እንደሆነ ይኸም ይቆርጣል» ብሎ አሳቃቸው። እድሜዬ ከአባቱ አያንስም። ሦስቱም እየሳቁ ሳለ ከሱቁ ወጣሁ።

ደረሰኝ ስጠይቅ አልሰጡኝም፤ በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክትና ፎቶው ነው። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ማስረጃዬን ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። አቤቱታዬን እስካስገባ ድረስ የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም።

እናንተ ግን የመረጣችሁትን ዕቃ ከከፈላችሁ በኋላ ለዘይትም፣ ለመጠቅለልም፣ ለምንም ብላችሁ ለማንም መልሳችሁ አትስጡ፤ የታሸገም ከሆነ እዚያው ፊታቸው ፍቱት።

እውነተኛው ሰንጢ እስካሁን ከእነርሱ ዘንድ ስለሆነ ለሌላ ሰው መልሰው ማቅረባቸው አይቀርም። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ እጀታው ጭራ ላይ ኤም እና ቲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት በቢላ ጫፍ ተቀርጸውበታል፤ ስለቱ ደግሞ ከጫፉ አንድ ጣት ያህል ገባ ብሎ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሽርፈት አለበት። በየትኛውም ቻናል ላይ ካያችሁት ፎቶውን ከነቀኑ አስቀርታችሁ ላኩልኝ።