«ያው ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ የዓይን ጠብታ

የዓይን ሞራ ግርዶሽ የተሠራ ወላጅ ያላችሁ፣ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

እናቴ ቀኝ ዓይኗን በተሠራች ማግስት ሽፋኑ ሲነሣላት ሐኪሙ ሁለት ጠብታ አዘዙላት። አንዱ ፀረ ባክቴሪያ ነው። ሌላው ፕሬድኒሶሎን አሲቴት 1 በመቶ፣ በቀን 4 ጊዜ ተጀምሮ በየሳምንቱ እየተቀነሰ 4 ሳምንት የሚቆይ። ነርሷ «መድኃኒቱ ታች ስለሚዘቅጥ ሁልጊዜ በደንብ ነቅንቁት» አለችን። ያን ባትለን ኖሮ ምንም አልነቃም ነበር።

በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ እየወጣን ሦስት መድኃኒት ቤት ጠየቅሁ፤ የለም። አራተኛው ቤት ልጁ ማዘዣውን አየት አድርጎ ሌላ ብልቃጥ አወጣ። «እህቴ፣ ያው ነው፤ ሁለቱም የዓይን መቆጣት ማብረጃ ናቸው።» 850 ብር። ደረሰኝ ስለው ማሽኑ ተበላሽቷል አለኝ። እናቴ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ ስለነበር ከፍዬ ወጣሁ።

በአራተኛው ቀን ዓይኗ ደም መሰለ፤ መስኮት በኩል ዞራ መቀመጥ አቃታት። ጠብታውን አንሥቼ ብነቀንቀው፣ ብነቀንቀው፣ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ፕሬድኒሶሎን አሲቴት ሲነቀነቅ ወተት ነው የሚመስለው። ካርቶኑን ፊደል በፊደል ያነበብኩት ያኔ ነው፤ ዳይክሎፌናክ 0.1 በመቶ ይላል።

ዳይክሎፌናክ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያዝዙታል። ግን እንደ ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ (ጠንካራ የመቆጣት ማብረጃ) አይደለም፤ የሚሠራበት መንገድም ሌላ ነው። ለየትኛው ዓይን የትኛው፣ ወይስ ሁለቱም አንድ ላይ፣ የሚለውን የሚወስነው ዓይኑን በመሣሪያ ያየው ሐኪም እንጂ ባንኮኒ ኋላ የቆመ ሰው አይደለም። በዚያው ቀን ስንሄድ ሐኪሙ የዓይኗ ውስጥ ክፉኛ ተቆጥቷል አሉ፤ ትክክለኛውን ጠብታ ለጥቂት ቀናት በየሁለት ሰዓቱ እንድንጨምርላት አዘዙ። ሜክሲኮ አካባቢ በ380 ብር አገኘሁት። ብልቃጡን ልመልስ ብሄድ «የተከፈተ አንቀበልም» አሉኝ።

ስለዚህ የታዘዘው ከሌለ የለም ይበሏችሁ፤ ለሐኪማችሁ ደውላችሁ ሳትጠይቁ ምትክ አትግዙ። ስሙን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ቁጥርም ከማዘዣው ጋር አስተያዩ፤ ያው ፕሬድኒሶሎን ከ1 በመቶ በጣም በቀጠነ መጠንም ይመረታል። እሽጉ ያልተነካ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን እዚያው ቆማችሁ እዩ። ያለ ደረሰኝ ብር አታውጡ፤ እኔ ዛሬ ለመክሰስ እጄ ላይ ያለው ባዶ ካርቶን ብቻ ነው።

በተቃራኒውም እንዳትሳሳቱ፤ ዓይኑ ደህና መሰለ ብላችሁ ስቴሮይዱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ተስማማው ብላችሁም ከታዘዘው ጊዜ አታስረዝሙ። ሲቆይ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ያ ደግሞ ወደ ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን ወደሚጎዳ በሽታ፣ ሊወስድ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ዓይኑ ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ መድኃኒት ቤት አትዙሩ። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ጥቆማ መስጠት ይቻላል፤ ጥሪው ነፃ ነው። እኔ ካርቶኑን ይዤ ነገ ጠዋት እደውላለሁ። እናቴ ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት በርቶ ከእኛ ጋር እራት በልታለች።