ስክሌራል ሌንስ ከስምንት ወር በኋላ፦ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት ሆነልኝ?

ስምንት ወር ሞላኝ። ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን በሽታ ያለበት ሰው፣ ስክሌራል የሚባለውን ዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ ልግዛ አልግዛ እያለ እንደሚጨነቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ።

ለማያውቀው፣ በሽታው ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ግልጽ የፊት ሽፋን፣ እያሳሳ ወደ ፊት ያሾለዋል። ከበረታ መነጽር ብትቀያይሩ ጠብ አይልም፤ መብራት ሁሉ ጭራ ያወጣል። እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ ስፌት ዘሎ እንደሆነ ማየት እንጀራዬ ነው፣ ዓምና ግን ማየት አቅቶኝ ነበር።

መጀመሪያ ትንሹን ጠንካራ ሌንስ ሞከርኩ። ኮርኒያው ላይ ስለሚያርፍ የጨርቅ ብናኝ ከሥሩ በገባ ቁጥር እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፤ አንዴማ ወለል ላይ ወድቆ ሦስት ሆነን በስልክ መብራት ፈለግነው። ስክሌራሉ ሰፊ ነው። የሚያርፈው ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ነው፣ ከኮርኒያው ጋር ሳይነካካ በመሃል ሳላይን (ከጀርም የጸዳ የጨው ውሃ) ይይዛል፣ ብናኝም እንደ ልቡ አይገባም። ባደረግሁት ማግስት ከደሴ ስንወርድ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ከፊታችን የነበረውን የአይሱዙ ታርጋ አነበብኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ።

ማስገባቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። የደሴን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጣት ይደነዝዛል። መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋድማለሁ፤ ሌንሱን በትንሿ የጎማ መያዣ ይዤ ሳላይን ጢም አድርጌ እሞላና ፊቴን ደፍቼ ዓይኔን አስጠጋለሁ። ከፈሰሰ አረፋ ይቀራል፤ አረፋ ከቀረ እንደገና ነው። በፊት 40 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን 5።

ትልቁ ፈተና ከሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ያስገባሁት፣ 7 ሰዓት ገደማ ውስጡ ይደፈርስና ጉም ይለብስብኛል። አውጥቼ፣ አጽድቼ፣ አዲስ ሳላይን ሞልቼ መመለስ አለብኝ። ንጹሕ እጅና አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለት ወር ሙሉ ሽንት ቤት ተደብቄ ነበር የማደርገው፣ ማንም እንዳያውቅ ብዬ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ። አንድ ቀን ሳላይን አለቀብኝና በቧንቧ ውሃ ልለቀልቀው ቃጣኝ። እባካችሁ እንዳታደርጉት! ውሃው ውስጥ አካንታሚባ የሚባል ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፣ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ሌንሱን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ በደበዘዘ ዓይኔ ሱፐርቫይዘሬ ጋ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«እስካሁን ለምን ዝም አልሽ? አብሽሪ» አለችኝ። ነርሷ ክፍል ጠረጴዛ አስፈቀደችልኝ፣ አሥሩን ደቂቃ ሱፐርቫይዘሬ ራሷ የሥራ መስመሬን ትይዝልኛለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረሁም። እና ከሌንሱ እኩል ለአለቃ መንገሩን አስቡበት።

ሳላይኑ ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ነው መሆን ያለበት። እኔ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አስመጣለሁ፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። ሌንሱ ዓይን ላይ እያለ አይተኛም። ሌንሱ ማየት ያስችላል እንጂ በሽታውን አያቆምም፤ ለማቆም ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና አለ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዓይን ማሸትም ይብቃችሁ። እኔ አሁንም እጄ ሳላስበው ወደ ዓይኔ ሲሄድ፣ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ክርን ክርኔን ነካ ታደርገኛለች።