በስምንት ሳምንት «የጽንስ ሙሉ ምርመራ» ቢሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች፣ ሚስቶቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ባሎችም፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ የግል ክሊኒኮች «የጽንስ ሙሉ የጤና ምርመራ» የሚሉትን ፓኬጅ በስምንትና በዘጠኝ ሳምንት ላይ እየሸጡ ነው። እኔም ከፍዬ ተነስቻለሁ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ አሠራሩን ብታውቁት ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

የሰጡኝ ይኼ ነው፦ ያሸበረቀ የፎርዲ ፎቶ (የጽንሱን መልክ እንደ ፎቶግራፍ አጉልቶ የሚያሳየው አልትራሳውንድ)፣ በቴሌግራም የተላከ አጭር ቪዲዮ፣ እና «ጽንሱ ኖርማል ነው፣ የአካል ጉድለት የለም» የሚል የአንድ መስመር ሪፖርት። ዋጋው ከተራው አልትራሳውንድ በብዙ ይበልጣል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደግሞ «ይኼን ከተነሳሽ ሌላ አያስፈልግሽም» ብላ አስረግጣ ነገረችኝ። በኋላ ሪፖርቱን ለማህፀንና ጽንስ ሐኪሜ ሳሳያት አንዴ አየችውና «በዚህ ሳምንት እንዲህ ብሎ መጻፍ አይቻልም» አለችኝ። ያናደደኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ወረቀቱን አምና ቤቷ የምትቀመጥ ሴት ዋናው ምርመራ የሚሠራበት ጊዜ ያልፋታል፣ ያንን ጊዜ ደግሞ ማንም አይመልስላትም።

በስምንት ሳምንት ጽንሱ ርዝመቱ ገና ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የልብ ምቱ ይታያል፣ እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መሆኑ ይረጋገጣል፣ አንድ ይሁን መንታ ይለያል፣ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ለማታስታውስ ሴት ደግሞ ሳምንቱ በደንብ ይቆጠርላታል። ይኼ ጥሩ ምርመራ ነው፣ በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ቢሸጡት ማንም አይከፋም። የጽንሱ የራስ ቅል አጥንት ግን በዚያ ጊዜ ገና አልጠነከረም፣ ስለዚህ የራስ ቅል ያለመፈጠር ችግር የለም ብሎ መፈረም አይቻልም። ከአንጀቱም ከፊሉ በዚያ ሰሞን በእትብቱ በኩል ወጣ ብሎ ይቆይና እስከ 12ኛው ሳምንት ተመልሶ ይገባል። ተፈጥሮው ነው። የማውቃት አንዲት ሴት በዘጠኝ ሳምንቷ «አንጀቱ ውጪ ነው» ተብላ ስታለቅስ ከረመች፣ በ12 ሳምንቷ ሌላ ቦታ ስትታይ ምንም ችግር አልነበረም። ሳይደርስ ማየት በሁለቱም በኩል ይጎዳል፤ አንዷን በከንቱ ያረጋጋታል፣ ሌላዋን በከንቱ ያስደነግጣታል።

ትክክለኛው የመጀመሪያ ጊዜ ምርመራ የሚሠራው ከ11 ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ ጽንሱ ከራሱ እስከ መቀመጫው ከ45 እስከ 84 ሚሊ ሜትር ሲሆን። ዋናው ልኬት ኤንቲ ይባላል፣ ከጽንሱ ማጅራት በስተኋላ ያለው ፈሳሽ ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ለንደን ውስጥ ፕሮፌሰር ኪፕሮስ ኒኮላይዲስና ባልደረቦቻቸው ይህ ፈሳሽ ሲበዛ ዳውን ሲንድሮምና ሌሎች የክሮሞሶም ችግሮች የመኖር ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳዩ። ልኬቱ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ስለሆነ ቀልድ የለውም። ጽንሱ በጎኑ መታየት አለበት፣ አንገቱ ያልታጠፈ፣ ወደ ኋላም ያልተቃና መሆን አለበት፣ ምስሉ ጎልቶ ራሱና ደረቱ ብቻ ስክሪኑን መሙላት አለበት። ካልተመቻቸ «ትንሽ ተራመጂና ተመለሺ፣ እስኪ ሳይ» ይሏችኋል። 3.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ልቡን ጨምሮ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ይኼ ሁሉ የሚለካው በተራው ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ፎርዲው ለዚህ ልኬት ምንም አይጨምርም። እነሱ ደግሞ ትልቁን ብር የሚቀበሉት ለእሱ ነው!

«መቶ በመቶ» የሚላችሁን ሰው ደግሞ አትመኑት። ኤንቲው ከእናትየዋ ዕድሜና ፓፕ ኤ እና ቤታ ኤችሲጂ ከሚባሉ ሁለት የደም ምርመራዎች ጋር ተደምሮ እንኳ ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው 100 ጽንሶች 90 ያህሉን ነው የሚለየው፣ ከጤነኞቹም ከ100 አምስቱን ያህል በስህተት ይጠረጥራል። ለዚህ ነው ውጤቱ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ሳይሆን በዕድል፣ 1 ለ1000፣ 1 ለ80 እየተባለ የሚጻፈው። ጥርጣሬ ካለ የሚያረጋግጠው ከእንግዴ ልጁ ወይም ከሽርት ውሃው ተወስዶ የሚሠራ ምርመራ ነው። ኤንአይፒቲ የሚሉት ውድ የደም ምርመራም ያው ማጣሪያ ነው፣ ይጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም፣ በእሱ ብቻ ተነስቶ ውሳኔ አይወሰንም።

«ሌላ አያስፈልግሽም» የሚለው ነገር ከሁሉም የባሰ ነው። ልብ፣ ኩላሊት፣ አከርካሪና አንጎል በደንብ የሚታዩት ከ18 እስከ 22 ሳምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ የሚያዘው ለዚህ ጭምር ነው። የመጀመሪያው ጥሩ ሆነ ማለት ሁለተኛው ቀረ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ኤንቲ ትለካላችሁ ወይ? የሚለካው ማን ነው፣ ለዚህ ተብሎ የሠለጠነ ነው ወይ? የለንደኑ ፌታል ሜዲሲን ፋውንዴሽን ኤንቲ ለሚለኩ ባለሙያዎች ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሪፖርቱ ላይ የጽንሱ ርዝመትና ኤንቲው በሚሊ ሜትር ይጻፋል ወይ? «እሱ አያስፈልግም» ካሏችሁ ወይም ሳምንታችሁን እንኳ ሳይጠይቁ ዋጋ ከነገሯችሁ ውጡ።

ብሬን እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ «አገልግሎቱን ወስደሻል» ተባልኩ። ደረሰኝና ሪፖርት አትጣሉ፣ የጤና ተቋማትን ለሚቆጣጠረው የከተማው መሥሪያ ቤት አቤት ለማለት የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ሳምንታችሁን አሁን ቁጠሩ። 14 ካልሞላ ነገ ለሐኪማችሁ ደውሉና ኤንቲ የሚለካበት ቦታ ጠይቁ፣ ካለፈ የ18 ሳምንቱን ከወዲሁ ቀጠሮ አስይዙ።