ሰዓት ሳይሆን መብራት የሚቆጥረው ታይመሬ፦ የ7 ወር ትዝብት

ቦይለራችን 50 ሊትር ነው፣ 1500 ዋት። ድሮ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ይውላል። ማንም ባይታጠብም ውሃው ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ቴርሞስታቱ መልሶ ያሞቀዋል። ቆጣሪው ይሮጣል። ከ7 ወር በፊት መርካቶ ሄጄ ሶኬት ላይ የሚሰካውን፣ ባለ ክብ ሰሌዳውን ታይመር ገዛሁ። ዲጂታሉም ነበር። ቁልፉ በዛብኝና ተውኩት።

አሠራሩ ግልጽ ነው። ውስጡ ትንሽ ሞተር አለች። ፍጥነቷን የምትወስደው ከመብራቱ ከራሱ ነው፤ እኛ ጋ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ምልልስ። ባለ ጥርስ መሽከርከሪያዎች ያንን ፍጥነት እየቀነሱ ሰሌዳውን በ24 ሰዓት አንዴ ያዞሩታል። ዙሪያውን 96 ፒኖች አሉ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ወደ ታች የተጫነ ፒን ማብሪያዋ ጋ ሲደርስ፣ ቀጭ! ቦይለሩ በራ።

የወደድኩት ነገር፣ ሰሌዳው የማንም አገር ሰዓት አይገደውም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ 24 ቁጥርን ከቀስቱ ጋር አገጣጠምኩ። ከዚያ ወዲህ የቀኑ 1 ሰዓት 1 ነው፣ የማታው 1 ሰዓት 13። መደመር መቀነስ የለም። ቀዝቃዛውን ውሃ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ ከ22 ተኩል እስከ 24 ያሉትን 6 ፒኖች ተጫንኩ። 12 ሰዓት ስነሳ ውሃው ትኩስ።

መብራት እስኪጠፋ ድረስ ማለቴ ነው።

አንድ ማታ ለ3 ሰዓት ያህል ጠፋ። ሞተሯም አብራ ቆመች። ጠዋት ቧንቧውን ስከፍት በረዶ! ውሃው መሞቅ የጀመረው 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ነው። ካላስተካከሉት ደግሞ በማግስቱም እንደዚያው ነው። ዲጂታሉ ውስጥ ባትሪ ስላለ ይህ አይደርስበትም። እውነቱን ለመናገር፣ ሰፈራችሁ መብራት የሚያበዛ ከሆነ—መጥፋቱን ማለቴ ነው—ዲጂታሉን ግዙ።

ካርድ የምሞላበት ቀን ራቅ ብሎልኛል፤ ተአምር ግን አይደለም። የቀረልኝ ቀን ሙሉ ሲባክን የነበረው ነው እንጂ፣ ለመታጠቢያው ያው ይቆጥራል።

ሶኬቱን ግን ፈትሹ። የእኛ ላልቶ ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ሲግል አግኝቼው አስቀየርኩት። ታይመሩ ጀርባ ላይ 16(2) አምፔር ይላል፤ የሚችለው የኤሌክትሪክ ጭነት ነው። በቅንፍ ያለችው ሞተር ላለው ዕቃ ናት፤ 16 አይታችሁ የውሃ ፓምፕ እንዳትሰኩበት። ምጣድማ አይታሰብም።

ድምፁ? ስስ ጥዝዝታ አለው። መኝታ ቤት አላስገባውም።

ሰሌዳው የሚዞረው ወደ ቀኝ ብቻ ነው፤ በግድ ወደ ኋላ ብትመልሱት ጥርሱ ይሰበራል። አሁን ሥራው የታናሽ ልጄ ሆኗል። ሰፈሩ «መብራት መጣ!» ብሎ ሲጮህ እሱ ሰዓቱን እየጠየቀ ወደ ቦይለሩ ይሮጣል።