በ3ኛው ቀን፦ መድኃኒት ወይስ ፀረ እንግዳ አካል?

ኤችአይቪ መሰል ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በ3ኛው ቀን ሕክምና ቢጀመር፣ የሚሻለው መድኃኒት ነው ወይስ ፀረ እንግዳ አካል (ቫይረሱን የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን)? ሁለቱም በማካክ ጦጣዎች ላይ ተሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ ኤስአይቪ (የኤችአይቪ የጦጣ አቻ) የተሰጣቸው ጦጣዎች ቫይረሱ ደማቸው ውስጥ ሳይታይ በ3ኛው ቀን ፀረ ሬትሮቫይራል መድኃኒት (ቫይረሱ እንዳይባዛ የሚያደርግ) ጀመሩ። ከ24 ሳምንት በኋላ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ በሁሉም ላይ አገረሸ፤ በሴሎች ውስጥ የሚደበቀው የቫይረሱ ክምችት በእነዚያ 3 ቀናት ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሌላ ጥናት፣ 3ቢኤንሲ117 እና 10-1074 የተባሉ ፀረ እንግዳ አካላት በ3ኛው፣ በ10ኛውና በ17ኛው ቀን በደም ሥር ተሰጡ፤ ከእያንዳንዳቸው በኪሎ 10 ሚሊ ግራም። ሁለት የሆኑት ቫይረሱ በሚውቴሽን ከአንዱ ቢያመልጥ ሌላው እንዲይዘው ነው። ከ13ቱ ጦጣዎች 6ቱ ፀረ እንግዳ አካላቱ ከደማቸው ካለቁ በኋላም ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ ተቆጣጠሩ። ሲዲ8 ሴሎቻቸው (በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን የሚገድሉ የመከላከያ ሴሎች) ሲወገዱ ቫይረሱ ተመለሰ። ስለዚህ ሥራውን የያዘው የራሳቸው መከላከያ ነበር፤ ፀረ ሬትሮቫይራል መድኃኒቱ ግን ይህን መከላከያ አያሠለጥንም።

የፀረ እንግዳ አካላቱ ጥናት ድክመትስ? የሰው ፀረ እንግዳ አካል ለጦጣ ባዕድ ስለሆነ ሰውነቷ ተቃውሞ ቶሎ ሊያጠፋው ይችላል። ደግሞ ሁለተኛው ጥናት የተጠቀመው የኤችአይቪን የውጭ ቅርፊት በለበሰ የኤስአይቪና የኤችአይቪ ድቅል ቫይረስ (ሺቭ) ነው፤ እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ኤስአይቪን አይዙምና። ውጤቶቹን በቀጥታ ማወዳደር ስህተት ነው።