የኪስ ዳዊት (ግዕዝ ከነአማርኛው)፣ ልብ በወደቀ ሰዓት የሚገዛ ዕቃ፣ የኔ ሪቪው

ሰው ስለ ስልክና ስለ ብሌንደር ሪቪው ይጽፍ የለ፣ እኔ ደሞ ስለ ዳዊት ልጽፍ ነው። መዝሙረ ዳዊት፣ ያቺ ኪስ ውስጥ የምትገባዋ፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ ከጧፍና ከመቁጠሪያ ጋር ተደርድራ የምትሸጠው። ቃሉን ልገመግም አይደለም፣ እኔ ማነኝና፣ ይቺን እትምና አጠቃቀሟን ነው፣ በተለይ ተስፋ ለቆረጠ ሰው ትሆናለች ወይ የሚለውን። ባጭሩ ትሆናለች፣ ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም።

የገዛኋት ስራ በፈታሁበት ሰሞን ነው። የምንሰራበት ፕሮጀክት ፈንዱ ቆሟል ተባለና ዕቃችንን በካርቶን ይዘን ወጣን፣ ከዛ በኋላ ያለውን ያየ ያውቀዋል፣ ሲቪ መላክ፣ ኢንተርቪው፣ "እንደውልልሻለን"፣ ከዛ ዝም። አከራይ ብቻ ነው ዝም የማይለው። በዛ ላይ ስልኬ በጥቅስ ተጥለቀለቀ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የሚያሳይ ፎቶ ላይ በቢጫ የተጻፈ ጥቅስ ታውቁታላችሁ አይደል። የላኩልኝ ሁሉ ከፍቅር ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን በብዛት የሚመጣው የኤርምያስ 29 ነበር፣ "ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ" የሚለው፣ እና አንድ ቀን ምዕራፉን ከፍቼ ሙሉውን ሳነበው ለካ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው፣ ከዛች ጥቅስ በላይ ያለችው ቁጥር ደሞ 70 ዓመት ሲሞላ እጎበኛችኋለሁ ትላለች። ቤት ስሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጅ ውለዱ ነው የሚላቸው፣ ቶሎ አትመለሱም እኮ ነው ነገሩ። ፎቶው ላይ ግን 70 ዓመቱን የሚጽፍ የለም። እኔ ደሞ በዛ ሰዓት ከተስፋው ይልቅ ያጽናናኝ 70 ዓመቱ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቢያንስ እንደሚቆይ አልደበቃቸውም።

ስለዚህ ተቆርጦ የተላከ ጥቅስ ሳይሆን ሙሉውን ላንብብ ብዬ ነው ዳዊት ልገዛ የሄድኩት። የሚሸጠው ልጅ ሶስት ዓይነት አወጣልኝ፣ ግዕዝ ብቻ፣ አማርኛ ብቻ፣ ሁለቱም ያለበት። "እህቴ ለማን ነው?" አለኝ። ለራሴ ነው ስለው "እንግዲያው ሁለቱም ያለበትን ውሰጂ፣ ግዕዙን ባታውቂውም አፍሽ ይለምደዋል" አለና መሀሏን ገልጦ ጀርባዋን ወደ ኋላ እጥፍ አድርጎ አሳየኝ፣ "አየሽ፣ አትገነጠልም"። (ተገንጥላለች፣ እመጣበታለሁ።) ዋጋው እንደ ሽፋኑና እንደ ሻጩ ይለያያል፣ በዓል ሲሆን ደሞ ይጨምራሉ፣ ተከራከሩ።

ዕቃዋን በተመለከተ፣ መዳፍ ታክላለች፣ ሽፋኗ በዚፕ የሚዘጋ ነው፣ የቆዳ ማኅደር የሚፈልግ ለብቻው ይገዛል። ርዕሶቹና ቅዱሳት ስሞች በቀይ ናቸው፣ ያምራል፣ ግን ወረቀቱ ስስ ስለሆነ የጀርባው ቀይ ወደዚህኛው ገጽ ያሳልፋል። ፊደሉ ደቃቃ ነው፣ መነጽር የምታደርጉ ትልቁን ግዙ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ይቺን ማንበብማ አይታሰብም። ከ150ው ሌላ 151ኛው አለ፣ ዳዊት ከወንድሞቹ ታናሽ እንደነበረና ጎልያድን እንደገደለ የሚናገረው፣ ከዛ መኃልየ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አሉ። ይሄ ሁሉ በአንድ መዳፍ።

አሁን ዋናው ነገር። የዳዊት ጥቅሙ ፕሮግራሙ ነው። ለማታውቁት፣ 10 መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፣ ጠቅላላ 15 ንጉሥ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ተከፋፍሏል፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ አርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ ይጨረሳል፣ እሁድ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አርብ 20 ብቻ ስለሆነ የሚያንስ እንዳይመስላችሁ፣ 118ኛው ውስጡ አለ፣ በዕብራይስጥ ፊደላት አሌፍ ቤት ጋሜል እያለ 176 ቁጥር የሚሄደው (ቁጥሩ ስልካችሁ ላይ ካለው ሊለይ ይችላል፣ እመጣበታለሁ)። እኔ አማርኛውን ብቻ ሳነብ የሰኞው ወደ አንድ ሰዓት ይወስድብኛል፣ ጊዜ የሌለው በቀን አንድ ንጉሥ ይድገም፣ ፖሊስ አይመጣበትም።

ይሄ ለምን ጠቀመኝ፣ ልቡ የወደቀ ሰው መምረጥ አይችልም። ጠዋት ተነስቼ ዛሬ ምን ላንብብ ማለት በራሱ ስራ ሆኖብኝ ነበር፣ ስመርጥ ደሞ ያው የማውቀውን ጣፋጭ ጣፋጩን ነው፣ ከዛ ደስ ካላለኝ እምነቴ የጠፋ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ግን የዛሬው ይሄ ነው ይላችኋል፣ አለቀ። ዛሬ የሚያለቅሰው ከደረሰ ታለቅሳላችሁ፣ የሚያመሰግነው ከደረሰ አፋችሁ እያመሰገነ ልባችሁ ይከተላል ወይ ይቀራል፣ ነገም ሌላ አለ።

እና የሚያለቅሰው ስንት እንደሆነ ሳላነበው አላውቅም ነበር። ሰኞ ገና 12ኛው ላይ "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ይላል፣ ልብ አምላክ የተባለው ዳዊት እኮ ነው ይሄን የሚለው፣ እኛ ብንለው "አታጉረምርሚ" እንባላለን። ቀጥሎ 21ኛው "አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ" ነው፣ ጌታ በመስቀል ላይ ያለው፣ ስቅለት ዕለት የምንሰማው። ከሱ ቀጥሎ ያለውስ? "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው"። በኔዋ ዳዊት አንደኛው አልቆ ሌላኛው የሚጀምረው እዛው ገጽ ላይ ነው፣ ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው 22ኛውን ብቻ ነው፣ ከላዩ ያለውን ጩኸት ግን ማን ይሰቅለዋል። ሁለቱን አከታትላችሁ ካነበባችሁ በኋላ እረኛው ሌላ ይሆንባችኋል፣ የሞት ጥላ ሸለቆ የሚለውም ለማሳመሪያ የገባ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

ረቡዕ 72ኛው የዳዊት ሳይሆን የመዘምሩ የአሳፍ ነው፣ እሱን ያነበብኩት አንድ ኢንተርቪው ልገባ ወረፋ ስጠብቅ ነው፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በስልክ "እሱ ደውሎላቸዋል፣ ለፎርማሊቲ ነው የመጣሁት" እያለች። አሳፍ ደሞ እዛው ገጽ ላይ እግሬ ሊንሸራተት ጥቂት ቀረው፣ የኃጢአተኞችን ሰላም አይቼ ቀናሁ፣ ልቤን በከንቱ አጸደቅሁ ይላል። ሳቄ መጣ። የተናደድኩትን ንዴት ከኔ በፊት አንድ ሰው በደንብ አድርጎ ጽፎታል፣ ጽፎትም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብቷል፣ ማንም አላወጣውም። እሱ ነገሩ የገባው ወደ መቅደስ ሲገባ ነው፣ እኔ የገባሁት ወደ ኢንተርቪው ነው፣ ስራውንም አላገኘሁም፣ ግን ቂም ይዤ አልወጣሁም፣ ይሄ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐሙስ 87ኛው አለ። ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ "ነገር ግን" የሚል የለውም። ሌሎቹ የሚያለቅሱት መዝሙሮች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፣ ይሄኛው ወዳጆቼን አራቅህብኝ ብሎ ጨለማ ላይ ያበቃል። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ገጹ ጎድሎ ነው ብዬ ቀጣዩን ገልጬ አየሁ። አልጎደለም። አንዳንድ ሰው ይሄ ተስፋ ያስቆርጣል ሊል ይችላል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት እሱን ነው፣ እግዚአብሔር እንዲህ ዓይነቱንም ጸሎት ተቀብሎ ሲጸለይ እንዲኖር ካደረገ እኔ ጥሩ መጨረሻ ፈጥሬ ማምጣት አይጠበቅብኝም ማለት ነው። መዝሙሩ ጨለማ ላይ ቢያልቅም ሲጀምር ግን "የመድኃኒቴ አምላክ" ብሎ ነው የሚጠራው፣ ሌላ ተስፋ የለውም፣ ያቺ አንዷ ቃል ብቻ ናት። በዛው ቀን ደሞ ሁላችንም የምናውቀው 90ኛው፣ በልዑል መጠጊያ የሚኖረው፣ ይመጣል።

የሚያናድዱም አሉ፣ ለምን እዋሻለሁ። 36ኛው ላይ "ጐለመስሁ አረጀሁም፤ ጻድቅ ሲጣል፥ ዘሩም እህል ሲለምን አላየሁም" የሚለው ጋ ስደርስ ሁሌ ቆም እላለሁ፣ እኔ አይቻለሁና። አባታችንን ስጠይቃቸው "ልጄ፣ እሱ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚናገረው፣ አንቺ ገና መንገድ ላይ ነሽ" አሉኝ። ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም፣ ግን ማንበቡን አልተውኩም።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ቁጥሩ ነው። ይሄኛው ዳዊት የሚከተለው የግሪኩን የሰባ ሊቃናት አቆጣጠር ነው፣ ስልካችሁ ላይ ያሉት ብዙዎቹ መጽሐፍ ቅዱሶች ግን የዕብራይስጡን፣ ስለዚህ ከ9 በኋላ አብዛኛው በአንድ ይቀንሳል፣ ፓስተሩ 23 ያለው እዚህ 22 ነው፣ የመጨረሻዎቹ 148፣ 149 እና 150 ብቻ እኩል ናቸው። ጎረቤቴ ጴንጤ ናት፣ በጣም የምወዳት ልጅ፣ አንድ ማክሰኞ "42ን አንብቢው፣ ላንቺ ነው" ብላ ጻፈችልኝ፣ በኔዋ 42ን ስገልጥ "አቤቱ፥ ፍረድልኝ" ይላል፣ እሷ ያለችኝ ግን ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደምትናፍቅ የሚለውን፣ የኔን 41፣ ነበር። የሚገርመው ሁለቱም ውስጥ ያቺው አዝማች አለች፣ "ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?" የምትለው፣ እዛ ሁለቴ እዚህ አንዴ። ሰውየው ለራሱ እየነገረ ነው፣ አንዴ ነግሯት አልሰማችም፣ ደግሞ ነገራት፣ እንደገና ነገራት። እኔም ሊፍት ውስጥ ለራሴ እላታለሁ፣ ሰው ካለ በሆዴ።

እሁድን አትዝለሉ። ነቢያት ውስጥ ዮናስ ከዓሣ ሆድ የጸለየው አለ፣ ዕንባቆም ደሞ በለስ ባታፈራ፣ በወይን ሐረግ ፍሬ ባይገኝ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል የሚለው። ዕንባቆም የሚያጣውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው የሚያመሰግነው፣ እኔ በለሱን በደሞዝ በጉን በኪራይ እየተካሁ ነው የማነበው።

ወደ ዕቃዋ ልመለስ። ጀርባዋ ተገነጠለ፣ 118 አካባቢ፣ ማጣበቂያ ብቻ ነው፣ ስፌት የለውም። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ራሱ ዳዊት ነው፣ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ፣ ከ500 ዓመት በላይ ስናትመው ኖረን እንዴት ማጣበቂያው አይስተካከልም ጎበዝ? አያቴ ያላት ብራና አይደለም፣ ተራ ወረቀት ነው፣ ግን በክር የተሰፋ ስለሆነ እስካሁን አንድ ቅጠል አልወጣም፣ ጠርዙ ብቻ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። እማማ የኔን አይታ "ይሄማ ጋዜጣ ነው" አለች።

በድምፅ የሚነበቡ ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፣ ዓይኑ ለሚደክመው አሪፍ ነው፣ ግን እኔ ባዳመጥኩት ላይ "አቤቱ፥ ከጥልቅ ወደ አንተ ጠራሁ" ብሎ ሳይጨርስ በቅድመ ክፍያ የሚሸጥ አፓርታማ ማስታወቂያ ይገባል። በዛ ሰዓት አፓርታማ! መጽሐፏ ዳታም ቻርጅም አትፈልግ፣ ኖቲፊኬሽንም የላት።

ስራ አገኘሽ ወይ ለምትሉኝ ገና ነኝ፣ እየፈለግኩ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ 41ና 42ን እየደገምኩ። ለይዘቷ ኮከብ አልሰጥም፣ ለእትሟ ከ5ቱ 3፣ አንዱን የወሰደባት ፊደሉ ነው፣ አንዱን ማጣበቂያው። ልትገዙ ከሆነ ሻጩ መሀሏን ገልጦ ሲያሳያችሁ አትመኑት፣ በጀርባዋ በኩል ክር መኖሩን ራሳችሁ እዩ፣ 118ኛው ጋ ገልጣችሁም ገጽ መዝለል አለመዝለሉን ቁጠሩ። ፊደሉ ተለቅ ብሎ ኪስ የሚገባ የተሰፋ እትም የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ያቺን እቀይራታለሁ።